«ስኳር የለውም» ከተባለ ወዲያ

በእኛ አገር የጨጓራ ሕመምተኛ ጨጓራው የራሱ ነው። ስኳር የያዘው ሰው ግን ስኳሩ የእድሩ ነው። ያገኘው ሁሉ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይለዋል። ክሊኒክ ወረፋ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙ የማትሪክ ውጤት የሚያወዳድሩ ይመስላችኋል። «እኔ 180።» «እሰይ! እኔ ባለፈው 240 ነበርኩ።» ሐኪሙ «ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 ይሁንላችሁ» ያለው ተረስቶ፣ 180 ያመጣው እንኳን ደስ አለህ ተብሎ ይሸኛል።

መድኃኒት አዋቂውም አይጠፋም። አንዷ አብሽ በባዶ ሆድ ታዛለች፤ ሌላዋ ሽፈራው አፍልተሽ ጠጪ ትላለች፤ ሦስተኛዋ «ማር እኮ ስኳር አይደለም፣ መድኃኒት ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ከማር ክብደት 80 በመቶ ገደማው ስኳር ነው ብትሏት «እሱ የፈረንጅ ማር ይሆናል» ትላችኋለች። ጥየቃ ሲመጡ ደግሞ ስኳሯ ወጥቶ ለተኛች ሴት በካርቶን የማንጎ ጁስ፣ ብስኩትና ሙዝ ይዘው ነው። ባዶ እጅ አይኬድማ!

ለአክስቴ ማርማላታ መሥራት የጀመርኩት በዚህ ሁሉ መሀል ነው። እታለም ልጆቿን የመርቲ ማርማላታ በዳቦ እየቀባች ያሳደገች ሴት ናት። ስኳር ከያዛት ወዲህ መርፌውን ለምዳዋለች፤ ያልለመደችው ደረቅ ዳቦ በሻይ መብላቱን ነው።

የተለመደው ማርማላታ ለግማሽ ኪሎ ፍሬ ወደ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይበላል። ስኳሩ ለማጣፈጥ ብቻ የገባ እንዳይመስላችሁ። ውሃውን ይዞ ሻጋታን በጥም ይገድላል፤ ፔክቲን ከሚባለው የፍሬው ማርጊያና ከሎሚው ጋር ሆኖም ያረጋዋል። ስኳሩን ካስወጣችሁ ለሁለቱም ሥራ ምትክ ፈልጉ። ለማርጋቱ ቺያ የምትባል ደቃቅ ፍሬ አለች፤ እርጥበት ስታገኝ ትዝለገለጋለች። ተልባም ይሠራል፣ ችግሩ ማርማላታው የረቡዕና የዓርብ ጾም ይሸታል። ለማቆየቱ ከፍሪጅ ሌላ መላ የለም፤ እዚያም ቢሆን ከአንድ ሁለት ሳምንት አያልፍም።

እንጆሪው ታጥቦ፣ ቅጠሉ ተቀንጥሶ፣ ጠብታ ውሃ ሳይጨመርበት በለዘብተኛ እሳት ይጣዳል። መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ውሃውን ይለቅና ቀይ አረፋ እየደፈቀ ቤቱን ያውደዋል። በሹካ ይዳመጥና፣ ለግማሽ ኪሎው የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጠብ ይደረግበታል፤ ከእሳት ሲወርድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቺያ ይነሰነስበታል። ትኩስ ሳለ ቅጥን ብሎ ልብ ያስቆርጣል። አትንኩት። ሲቀዘቅዝ ራሱ ይይዛል።

እንጆሪ በ100 ግራም 5 ግራም ገደማ ስኳር ነው ያለው። ስለዚህ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርማላታ ላይ 1 ግራም ከምናምን ቢገኝ ነው፤ የሱቁ በዚያው ማንኪያ ከ10 ግራም ይበልጣል። ማንጎ ግን በ100 ግራም ወደ 14 ግራም ስላለው «ስኳር አልጨመርኩበትም» ቢባልም ሒሳቡ ሌላ ነው። ይህን ጁስ ቤት ገብቶ «እኔ ስኳር አለብኝ፣ ያለ ስኳር አርጊልኝ» ብሎ ማንጎውን በትልቁ ብርጭቆ ለሚያስሞላው ሰው ንገሩልኝ። አስተናጋጇ ስኳሩን ስለተወችለት አመስግኖ፣ ጉርሻ ሰጥቶ ነው የሚወጣው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፤ የእታለም ስኳር ወርዶ ላብ ሲያጠምቃትና እጇ ሲንቀጠቀጥ የእኔ ማርማላታ ለምንም አይሆንም። ያን ሰዓት የሚያስፈልጋት እውነተኛው ስኳር ነው። የጠያቂዎቹ ጁስ ሥራ የሚያገኘው ያኔ ነው።

እታለም የመጀመሪያውን ጠርሙስ ስትከፍት መረቀችኝ። ፉርኖ ዳቦውን ቆረሰች፣ ቀባች፣ ጎረሰች። ሁለተኛውን ቀባች። ሦስተኛው ላይ አላስችል አለኝ፤ አንዷ ቁራጭ ብቻዋን 15 ግራም ገደማ ካርቦሃይድሬት ናት፤ እሱ ደግሞ ሆድ ሲገባ ስኳር ነው የሚሆነው።

«እታለም፣ ዳቦው እኮ…»

«ዳቦው ምን አደረገሽ? ስኳር የለውም አላልሽኝም?»

ምን ልመልስ? ሰፈሩ ሁሉ ማር ይመርምር፣ ማርማላታ ይመርምር እንጂ ነጭ ዳቦን የሚከስ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እንጀራን ለመክሰስማ ማን ደፍሮ!

ወሬው በቡና ሰዓት ተዛመተ። በአቦል አንዷ በሻይ ማንኪያ ቀመሰች፣ በቶናው ማንኪያው አደገ፣ በረካ ላይ ጠርሙሱ ለእታለም ሳይተርፍላት አለቀ። እዚያ ከነበርነው ስኳር ያለባት ግን እታለም ብቻ ነበረች። «ለጤና እኮ ነው» እየተባባሉ ነው የጨረሱት። ጎረቤታችን ስትወጣ በር ላይ ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ምንም አይወጣለት። ለማኅበሬ ሁለት ጠርሙስ ሥሪልኝ።»

«ምን ችግር አለ።»

«ብቻ…» አለች፣ እታለም እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስኳር ጣል አርጊበት። ትንሽ። ለጣዕም ያህል።»