አንዲት ፍሬ ዘቢብ፦ የደሴና የኮምቦልቻ ክርክር

ነገሩን ያስነሳችው አንዲት ፍሬ ዘቢብ ናት። ደሴ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ለጥንቸላቸው በቡና ሰዓት ዘቢብ እንደሚሰጡ ጻፉ። ኮምቦልቻ ያለ፣ እሱም ጥንቸል የሚያሳድግ ወጣት «ኧረ በአላህ ይተዉ!» ብሎ መለሰላቸው። እሳቸው ደግሞ ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ስማችን ይቅር ስላሉ በከተማቸው እንጠራቸዋለን። ጥያቄው ይሄ ነው፦ ለቤት ጥንቸል አልፎ አልፎ ደረቅ ፍራፍሬ መስጠት ችግር አለው ወይስ የለውም?

ደሴ፦

ክርክር አልወድም። ግን ሰው «ተይ» ሲለኝ እልህ ይይዘኛል፣ ምን ላድርግ።

ሻሼ አራት ዓመቷ ነው። ነጭ ናት። ሁለት ኪሎ ትመዝናለች፣ በየወሩ ሚዛን ላይ አወጣታለሁ። ቀን ከሌት የምትበላው ድርቆሽ ነው፤ ከገራዶ በኩል በሸክም ይመጣልኛል። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሰላጣ ወይ የድንብላል ቅጠል እጨምርላታለሁ። ዘቢቧ በሳምንት ሁለቴ ናት። አንድ አንድ ፍሬ፣ ያውም ቡና ሲፈላ።

ያችን አንድ ፍሬ ለምን እንደምሰጣት ልንገርህ። ረከቦቱ ቀርቦ ሲኒ ሲንኳኳ ከአልጋ ሥር ትወጣለች። ጉዝጓዙን እየነጨች፣ እየቆመች፣ እንደገና እየነጨች መጥታ በፊት እግሮቿ ጉልበቴ ላይ ትቆማለች። ዘቢቧን በጥርሷ አትነጥቅም። በከንፈሯ ነው የምትቀበለኝ፣ አፍንጫዋ መዳፌን እየኮረኮረኝ። ያኔ ጆሮዋን ገልጬ አያለሁ፣ ሆዷን እዳስሳለሁ፣ ጥፍሯን እቆርጣለሁ። ጥንቸል ለማንሳት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ከላይ የሚመጣ እጅ ለሷ ጭልፊት ነው፣ ትፈራገጣለች፣ ስትፈራገጥ ደግሞ የራሷን ወገብ እስከ መስበር ልትደርስ ትችላለች። እኔ ሻሼን ተሯሩጬ ይዣት አላውቅም። ራሷ ናት የምትመጣው።

ደግሞ ጥንቸል ሲያማት ትደብቃለች። የሚታደን እንስሳ ጠባዩ ነው፣ ድካሙን አያሳይም። አምና አንድ እሁድ ዘቢቧን አሸተተችና ዞር አለች። ሌላ ምልክት አልነበራትም። በማግስቱ ሐኪም ሲያያት የመንጋጋ ጥርሷ ሾሎ ምላሷን እየወጋት ኖሯል። ያቺ ዘቢብ ባትኖር በስንት ቀኗ አውቅ ነበር?

ኮምቦልቻ፦

እትዬ፣ እርስዎን መቃወም ይከብደኛል። ግን በዚህ ነገር ለእናቴም አልመለስ።

እስቲ ስለ ሆዷ እናውራ። ጥንቸል የተፈጠረችው ለሣር ነው። ዋናው ሥራ ደግሞ ጨጓራዋ ውስጥ አይደለም የሚሠራው። ዕውር አንጀት የሚባል ትልቅ ከረጢት አላት፣ ባክቴሪያ የሞላበት፣ ሣሩን የሚያብላላላት እሱ ነው። እንደ ሊጥ ቡሃቃ ያስቡት። እርሾው ልኩን ካገኘ ሊጡ ደህና ይነሳል፤ ስኳር ከበዛበት ይገነፍላል። እሷ ሆድ ውስጥ የሚገነፍለው ጋዝ ነው። ሆዷ ይነፋል፣ ታማ መብላት ታቆማለች፣ መብላት ስታቆም አንጀቷም ሥራ ያቆማል፣ አንጀቷ ሲቆም ጭራሽ አትበላም። እንደ ሰው አስታውካ አትገላገል፣ ጥንቸል ማስታወክ የሚባል ነገር አትችልም። ግማሽ ቀን ምንም ሳትቀምስ ከዋለች ነገ ይታያል ተብሎ አይታደርም።

ደረቅ ፍራፍሬ ደግሞ የባሰው ነው። ወይን ከመቶ ሰማንያ እጁ ውሃ ነው። ሲደርቅ ውሃው ይሄዳል፣ ስኳሩ ይቀራል፤ አራት ኪሎ ወይን አንድ ኪሎ ገደማ ዘቢብ ይወጣዋል። ቴምርማ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው።

ስለ ጥርስ ካነሱ ላይቀር፣ የጥንቸል ጥርስ ዕድሜ ልኳን ያድጋል። የፊቱ በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። የሚሞርደው ድርቆሽ ማኘክ ነው። የሻሼ መንጋጋ ሾሎ ነበር አሉኝ፤ ታዲያ ዘቢብ የሚያኘክ ጥርስ ይሞረዳል እንዴ?

ይህን የምለው አንብቤ ብቻ አይደለም። ድንቡሼ የምትባል ግራጫ ጥንቸል ነበረችኝ። ረመዳን ነው፤ ማፍጠሪያ ላይ ቴምር በሳህን ይቀመጣል፣ እሷም ከእግራችን ሥር አትጠፋም። አንድ ማታ እንግዳ በዛ። ሌሊት ለሱሁር ስነሳ ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ጥርሷን ታፋጫለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ካርቶኗን በባትሪ ፈተሽኩ፣ አንድ አዲስ በጠጥ የለም። ደህና ጥንቸል እኮ በቀን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ትጥላለች። ጠዋት የወሰድኳት ቦታ «እኛ የምናውቀው በሬና በግ ነው» ብለው መለሱኝ። ከሰዓት ሞተች።

አሁን ሁለት ጥንቸሎች አሉኝ። ቤቴ ደረቅ ፍራፍሬ ለነሱ አይገባም። አንድ ፍሬም።

ደሴ፦

አይዞህ ልጄ። ስለ ድንቡሼ አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ግን ዕድሜዬን በሒሳብ የጨረስኩ ሰው ፊት «ስኳር አለው» ብለህ አታልፍም። ስንት ነው? አንድ ዘቢብ ግማሽ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ስኳሯ ከመቶ ስድሳ ቢሆን 0.3 ግራም ነው። ሻሼ ሁለት ኪሎ ናት፣ እኔ ስድሳ ኪሎ ነኝ፣ ሠላሳ እጥፍ። ስለዚህ የሷ አንድ ዘቢብ ለኔ ቢሆን 9 ግራም ስኳር ነው። ሁለት የሻይ ማንኪያ! ወሎ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ብቻ አድርጎ ሻይ የሚጠጣ ሰው ካለ አሳየኝ።

አሁን ወደ ቴምርህ እንምጣ። ትንሹ ቴምር 8 ግራም ቢሆን 5 ግራሙ ስኳር ነው። በሠላሳ አባዛው፣ 150 ግራም። ይሄን በአንድ ጉርሻ ብታጎርሰኝ እኔም ከጥንቸሏ አልሻልም። አንድ እንግዳ አንድ ቴምር፣ ሌላው ሌላ... ይሄ «አልፎ አልፎ» አይደለም። ይሄ ሌላ ነገር ነው። የኔን አንዲት ፍሬና ያንተን የማፍጠሪያ ሳህን በአንድ ስም ጠርተህ ነው የከሰስከኝ።

በነገራችን ላይ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ጥንቸል ከሚያመሰኩት ጋር ትቆጠራለች። እኛ የማንበላትም ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ ነው። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር፣ ስታመሰኳ አይቻት አላውቅም። እንደ በግ አታመሰኳም። ግን ካልከው ከረጢት የሚወጣ ለስላሳ፣ የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር አለ፤ መልሳ ትበላዋለች፣ ከውስጡ ፕሮቲንና ቫይታሚን ታገኝበታለች። ስኳር ሲበዛባት እሱን ሳትበላ ትተወዋለች፣ ኋላዋ ጠጉር ላይ ይለጠፋል። እኔ የምጠብቀው ያን ነው። አንድ ቀን ተለጥፎ ካየሁ ዘቢቡን እዘጋለሁ። እስካሁን አላየሁም።

የጥርሷን ጉዳይ ግን ነካኸኝ። እሱን አሰብኩበት። ድርቆሹን ከዚያ ወዲህ ጨምሬላታለሁ እንጂ ዘቢቡ ነው ለማለት አንተም እኔም ማስረጃ የለንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በእውነት መልስልኝ። ያን ሰሞን ድንቡሼ ድርቆሽ ነበራት?

ኮምቦልቻ፦

አልነበራትም።

ሦስት ቀን ሆኖት ነበር ካለቀ። ፉርሽካ ነበር የምሰጣት፣ ትንሽ ጎመን ደግሞ። ሙቀቱም ነበር። እርስዎ ጦሳ ተራራ ሥር ሆነው ጋቢ ይለብሳሉ፤ እኛ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን፣ ከናንተ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ብለን ነው የምንኖረው። ጥንቸል አታልብም፣ ሙቀቷን በብዛት የምታስወጣው በጆሮዋ ነው። ሠላሳ ዲግሪ ሲያልፍ ትፈዛለች፣ የምትበላውም ይቀንሳል።

ስለዚህ ቴምሩ ብቻውን ገደላት አልልም። ወላሂ አልልም። ግን እትዬ፣ የሁላችንም ቤት እንደዚያ አይደለም እንዴ? ድርቆሽ አንድ ሰሞን ይጠፋል፣ አንድ ሰሞን ይሞቃል። ያን ሰሞን ደረቅ ፍራፍሬው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የርስዎ ሒሳብ የሚሠራው ሌላው ሁሉ ደህና ሲሆን ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ቡና ላይ ስንት ሰው ይመጣል?

ደሴ፦

የጎረቤት ነው የሚመጣው። አምስት፣ ስድስት። የልጅ ልጄ አለ። ምን አገባው?

ኮምቦልቻ፦

ነገሩ እዚያ ላይ ነዋ! እርስዎ በሳምንት ሁለት ፍሬ ይሰጣሉ። ጎረቤትዎ ደግሞ ያቺ ቆንጆ መጥታ ጉልበታቸው ላይ ስትቆም ምን ያደርጋሉ? «አንድ ብቻ» ብለው ይሰጣሉ። ሌላዋም አንድ ብቻ። አቦል ላይ፣ ቶና ላይ፣ በረካ ላይ። ማንም ከአንድ በላይ አልሰጠም፤ ሁሉም ለራሱ አልፎ አልፎ ነው። ለሷ ግን አልፎ አልፎ የሚባል ቀን የላትም። ፈረንጅ ብቻውን ከጥንቸሉ ጋር ተቀምጦ «አልፎ አልፎ» ቢል ይገባኛል። ወሎ ቤት ውስጥ የእንስሳ አፍ የአንድ ሰው አይደለም። በኛም ቤት ያን ማታ ማን እንደሰጣት ጠየቅኩ፤ ሁሉም «እኔ አንዲት ብቻ» አለ። ማንም አልዋሸም።

ልጅ ደግሞ ያየውን ነው የሚያደርገው። እርስዎ ዘቢብ ሲሰጡ ያየ ልጅ ነገ ብስኩት ይሰጣል፣ ከነገ ወዲያ አቮካዶ ይሰጣል። አቮካዶ ለጥንቸል መርዝ ነው፣ ፍሬውም ቅጠሉም።

ደሴ፦

ይሄን ካነበብኩ በኋላ አንድ ሳምንት ዝም ያልኩት ተናድጄ አይደለም። ልፈትነው ብዬ ነው።

እሁድ ዕለት አሥር ዘቢብ ቆጥሬ በሲኒ አደረግኩና ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት። ለማንም ምንም አላልኩም። እኔ አንድ ሰጠኋት። በረካው ሲያልቅ ሲኒውን ሳየው አራት ነው የቀረው። አምስቱ የት ሄደ? ሁለቱን የልጅ ልጄ በልቶታል እንበል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ሦስቱስ? አንዷን ጎረቤቴን ስጠይቃት ሳቀች። «እትዬ፣ እኔ ሁሌም እኮ እሰጣታለሁ፣ እሷም ለምዳኛለች» አለችኝ። ሁሌም!

ስለዚህ የኔ «በሳምንት ሁለት» ሒሳብ ስህተት ነበር። ይሄን ለማመን ለኔ ቀላል አይደለም፣ ስንቱን ልጅ ሒሳብ ተሳሳትክ ብዬ ቀጥቼ።

ግን ዘቢቧን አልተውም። እጁን ነው የምቀንሰው። አሁን ሁለቷን ፍሬ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬ ነው የምይዛት። ከኔ እጅ በቀር የሚሰጣት የለም። ጎረቤቶቼ ሥቀው ሊሞቱ ነው፣ «እንደ ገንዘብ ትቋጥራታለች» እያሉ። እናቴም ሳንቲሟን እንዲህ ነበር የምትቋጥረው፣ ያውም ጠፍቶባት አያውቅም።

ኮምቦልቻ፦

ማሻአላህ፣ ቋጠሮውን ወደድኩት። ግን ቋጠሮው ውስጥ ለምን በሶብላ አይሆንም? እኔ ሁለቱን የማስለምደው በእሱ ነው። ትኩስ በሶብላ ሲሸታቸው ከየት መጡ ሳይባል እግሬ ሥር ናቸው። ጥፍርም እቆርጣለሁ፣ ጥርስም አያለሁ። እምቢ ካሉም መታመማቸውን አውቃለሁ። እርስዎ ዘቢቧ ትሠራልኛለች ያሉትን ሁሉ ቅጠሉ ይሠራል፣ ያለ ስኳር። ጣፋጭ ካማረኝ ደግሞ ከበሰለ ማንጎ የጥፍር ያህል፣ ትኩሱን፣ ውሃው ያለበትን። በየሱቁ በላስቲክ ታሽጎ ከሚሸጠው ደረቅ ፍራፍሬ እኮ ላዩ ላይ ስኳር የተጨመረበት አለ፣ ቀለሙ እንዳይጠቁር መድኃኒት የነካው አለ።

ሦስት ወር ላልሞላት ግልገልና ለወፈረችዋ ጭራሽ አይሰጥም፣ በዚህስ እንስማማለን አይደል?

ደሴ፦

እንስማማለን። በሱ ማን ይከራከራል። ታሽጎ የሚሸጠውንም አልገዛም፣ የኔ ዘቢብ ተራ ዘቢብ ነው፣ አጥቤ የማደርቀው።

በሶብላው ይሠራ እንደሆነ ግን ሻሼ ትፍረድ። ቅዳሜ ውጣና ቡና ጠጣ። ያንተን ቅጠልና የኔን ፍሬ እኩል እናስቀምጥላት። ሐረጎ ላይ ጉም ካገኘህ ቀስ ብለህ ንዳ። ዘቢቧን እንደምትመርጥ ግን ከአሁኑ ልንገርህ።

ኮምቦልቻ፦

እመጣለሁ እትዬ፣ ድርቆሽም ይዤልዎ እወጣለሁ። ዘቢቧን እንደምትመርጥማ እኔም አውቃለሁ። ድንቡሼም ቴምሩን ነበር የመረጠችው።