አጥር ይነቀላል፣ ግንብ ይፈርሳል

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ አካባቢ የሠፈር ስብሰባ ነበር። ወሬው ስለ እግረኛ መንገዱና ዳር ዳሩን ስለተተከሉት ቁጥቋጦዎች ነው። አንድ ባለሙያ ተነሡና «‹አጥር› ማለት ግንብና ብረት ነው። ለእነዚህ ተክሎች አማርኛ ቃል ስለሌለው ሰሌዳው ላይ ‹ግሪን ፌንስ› ብለን እንጽፋለን» አሉ። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን እስካሁን አልበረደልኝም።

አማርኛ ቃል የለውም? በየትኛው አማርኛ?

ግሱን ስሙት እስቲ። ግንብ ይገነባል፣ ይፈርሳል። አጥር ይታጠራል፣ ይነቀላል። የሚነቀል ነገር ደግሞ መሬት ውስጥ የገባ ነው፤ ወይ ችካል ነው ወይ ሥር ያለው ተክል። ኢሳይያስ ምዕራፍ 5 ላይ ስለ ወይኑ ቦታ የተጻፈውን ገልጣችሁ እዩ። አጥሩ ይነቀላል፣ ቅጥሩ ይፈርሳል። ሁለት ነገር፣ ሁለት ቃል፣ ሁለት ግስ። ተርጓሚዎቹ አልተምታታባቸውም። ለድንጋዩ «ቅጥር» ነበረን፤ ዛሬም ስድስት ኪሎ ስንደርስ «የዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ» እንላለን። ግዕዙ ሐጹርና ቅጽር ይላቸዋል። ጸጉር ጠጉር እንደሆነው ሁሉ እነሱም አጥርና ቅጥር ሆኑ። ይኼ ሁሉ እያለ ነው እንግዲህ ቃል የለም የተባልነው!

ከሁሉም በላይ ተረቱ አለ። «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ያለ አይመስለኝም። ቁልቋሉ ሲያለቅስ ያየነው ግን ስንቶቻችን ነን? አጋም እሾሁ ጠንካራ ነው። ቁልቋል ደግሞ ትንሽ ከተወጋ ነጭ ወተት ያፈሳል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር እሾሁ ይወጋዋል፣ ወተቱ ይንጠባጠባል። ይህን ያስተዋለ ሰው አጥር ሥር ቁጭ ብሎ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆማቸው አጥር ነዋ! አጋሙ ከብት እንዳያልፍ፣ ቁልቋሉ ከፍ ብሎ እንዲከልል። ክፉ ጎረቤት ሲያጋጥመን፣ ትዳር ሲመረን፣ አለቃ ሲያስለቅሰን የምንተርተው ከተተከለ አጥር የተቀዳ ነው። ልቅሶውን እንኳ ለይቶ ስም የሰጠ ሕዝብ ለአጥሩ ቃል አጥቶ ይበደራል?

አያቴ አጥሩ ውስጥ ቀዳዳ ባየች ቁጥር «ልጄ፣ አጥሩ ሳስቷል፤ ሰንሰል ሰካ ሰካ አድርግበት» ትለኝ ነበር። ሰንሰል ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢሰካ ይበቅላል። ቅንጭብም እንደዚያው። ግራዋው የጠላ ጋን ይታጠብበታል። አጥሩ ላይ የሚንጠላጠለው እንዶድ የልብስ ሳሙና ነበር። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ያንኑ እንዶድ ነው። በ«ግሪን ፌንስ» ውስጥ ይኼ ሁሉ የለም። አረንጓዴ ቀለምና መከለያ ብቻ ነው ያለው።

ቅንጭብ መንገድ ዳር ይተከል አላልኩም። ወተቱ ዓይን ይጎዳል፤ ልጆች ያልፉበታል። የምከራከረው ስለ ስሙ ነው።

«ወጣቱ እንግሊዝኛው ይቀለዋል» ያሉም ነበሩ። ወጣቱ ምን አደረጋችሁ? በማግስቱ ጠዋት በዚያው መንገድ ሳልፍ አንድ ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ መቀስ ይዞ ቁጥቋጦውን ያስተካክላል። ምን እየሠራህ ነው አልኩት። «አጥሩን እየከረከምኩ ነዋ!» አለኝ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል ዓይን እያየኝ።

ሰሌዳዎቹ ገና አልተጻፉም ተብሏል። እንግዲያው ጊዜ አለ። «አጥር» ብላችሁ ጻፉት። ከሥሩም የተክሉን ስም በአማርኛ አኑሩ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ ቆም ብሎ ያንብበው።