ዓይኗ እንዳይከፈት

እኛ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ምስጋና ይገባናል። ከመሀል ከተማ ርቀን፣ ለታክሲ ተሰልፈን፣ ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን የምንኖር ሰዎች ነን። ይህ ሁሉ ሳይበግረን በየቤታችን ያለችውን አንዲት ልጅ ከፊደል ጠብቀን አቆይተናል። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ።

ልጅቷ ስትመጣ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም። ደላላው «ጨዋ ናት፣ ምንም አታውቅም» ብሎ ነው ያመጣልን። ይህቺ «ምንም አታውቅም» የምትባል ነገር ትልቅ ዋጋ አላት። የተማረችዋ ትጠይቃለች፣ ታወዳድራለች፣ ስልክ ላይ ታፈጣለች። ያልተማረችዋ በርበሬውን ከሚጥሚጣው በአፍንጫዋ ትለያለች። እትዬ ብልቃጡ ላይ የለጠፈችው ጽሑፍ ለእንግዳ ጌጥ ነው።

«የማታ ትምህርት ልግባ» ካለችም መልስ አናጣም። መስከረም ላይ ስትጠይቅ «በዓሉ ይለፍና» እንላለን። በዓሉ ሲያልፍ ምዝገባው አብሮ ያልፋል። የማታ ትምህርት ልክ ራት በሚሠራበት ሰዓት መጀመሩስ የእኛ ጥፋት ነው? ዋናው ምክንያታችን ግን ለእሷ ማሰባችን ነው። «ዓይኗ ይከፈታል» እንላለን። (ዓይኗ ተዘግቶ ይህን ሁሉ ጊዜ ወጥ አለማሳረሯ ግን ይገርመኛል።)

ዱሮ እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ የት ነበር? በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር «የተማረ ያስተምር፣ ያልተማረ ይማር» ተባለ። ማስተማሪያው በኋላ 15 ቋንቋ ደረሰ። ቀበሌ እየጎተተም ቢሆን ሽማግሌና ባልቴት ሳይቀር እርሳስ ጨበጠ። በዓመቱ ከዩኔስኮ ሽልማት መጣ። እኛ ሽልማት አንፈልግም። መፈክሩን ግን አሻሽለነዋል፦ የተማረ ያንብብ፣ ያልተማረች ትጋግር። ዓለም የመሠረተ ትምህርት ቀንን የሚያከብረው ጳጉሜ 3 ነው፤ ያው በሩፋኤል። ልጆች ዝናብ ሲጠመቁ የእኛዋ የዓውደ ዓመት ዕቃ ስታጥብ ትውላለች።

ስሌቱን እንዳትሠሩት አደራ። ፊደሉ 33 ነው፤ ሰባት ሰባት ሲሆን 231። በቀን አንድ ረድፍ ቢያስቆጥሯት በወር ከሦስት ቀን ያልቃል። ከማታው የቱርክ ተከታታይ ፊልም ሃያ ደቂቃ መቁረስ ብቻ ነው። እኔ ራሴ አስቤው ነበር። ያን ሰሞን ግን ሴትዮዋ የጠፋ ልጇን ልታገኝ ደርሳ ስለነበር አልተመቸኝም።

ከእኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በዚህ ጥበብ ተወዳዳሪ የላትም። የልጅቷን ደመወዝ «እንዳታባክነው» ብላ እሷው ታስቀምጥላታለች። ሒሳቡ በሰማያዊ ደብተር ተጽፎ ብፌው ላይ ነው። በግልጽ፤ የሚደበቅ ነገር የለም። ወር በገባ ቁጥር ገልጣ ታሳያታለች። ልጅቷም አየት አድርጋ «እሺ እትዬ» ትላለች።

የቤቱ ትንሽ ልጅ አንደኛ ክፍል ነው። የቤት ሥራውን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ጮክ ብሎ ያነባል። ልጅቷ ያን ሰዓት ጠረጴዛውን ትወለውላለች። ቀስ ብላ። አንዷን ጥግ አራት ጊዜ። ጎረቤቴ «የእሷስ ንጽሕና!» እያለች ስታወራልን ከረመች።

ባለፈው ሳምንት ደብተሩን ስትገልጥ፣ እሷ «አራት ወር» ብላ ከጻፈችው ሥር በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘች። «ም» ፊቷን አዙራለች፣ «ስ» ወደ ጎን ተጋድማለች። ቢሆንም ይነበባል። «አምስት» ይላል።

ቡና ጠርታ ነው የነገረችን። «አላልኳችሁም? ይኸው ዓይኗ ተከፈተ!» ሁላችንም ከንፈር መጠጥን። ስለ ወሩ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ልጁ አሁን የቤት ሥራውን መኝታ ቤት ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው።