«የልጅሽን የቲሸርት ቁጥር ላኪልን»

ትናንት ማታ ልጄ ከሚማርበት ቦታ መልእክት ደረሰኝ። «የኦቲዝም ቀን እየደረሰ ስለሆነ የልጅሽን የቲሸርት ቁጥር ላኪልን» ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ሰማያዊ ቲሸርት፣ ደረቱ ላይ አንድ ትልቅ የፐዝል ቁራጭ፣ ያ እየገጣጠሙ ሥዕል የሚሠሩበት ጨዋታ ቁራጭ። ሰው በቅን ልብ ባደረገው ነገር መናደድ ከባድ ነው። ግን አምና ዝም ብዬ አይቻለሁና ዘንድሮ ልናገር።

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ኦቲስቲክ ነው፣ ኦቲዝም ያለው ማለት ነው። የልብስ ስፌት ቆዳውን ሲነካው እሾህ እንደወጋው ይሆናል። ስለዚህ ካናቴራውን ሁልጊዜ ገልብጦ ነው የሚለብሰው። አንገቱ ላይ የምትሰፋዋን የፋብሪካ ምልክት ልብሱ ቤት እንደገባ በመቀስ እቆርጣታለሁ፤ የምትቀረውን ክር በጥፍሬ ለቅሜ አወጣለሁ። የአምናው ቲሸርት ደግሞ ሥዕሉ ላስቲክ ነገር ነው፣ የሚያጣብቅ፣ ከውስጥ በኩልም ጨርቁን ያደረቀው። አለበሱት። ወዲያው ማውለቅ ጀመረ። «ለፎቶ ብቻ ነው፣ አንዴ ይታገስ» አሉኝ። እኔም እጁን ያዝኩት። ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፣ ሰማያዊ ፊኛ አንዱ ሲፈነዳ ሌላው ይከተላል፣ ልጄ ጆሮውን መድፈን ይፈልጋል፣ ሁለቱ እጆቹ ግን በእኔ እጅ ናቸው። ፎቶው ተነሣ። ማታ «ኦቲዝምን እንወቅ» ተብሎ ተለጠፈ። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ከዚያ ወዲህ ነው ይሄ የፐዝል ቁራጭ ከየት መጣ ብዬ መፈለግ የጀመርኩት። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የመጣው ከእንግሊዝ ነው። በ1962 ለንደን ላይ ወላጆች ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ ብሔራዊ የኦቲስቲክ ማኅበር የሚባለው ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1963፣ የቦርዱ አባል የነበረ ጄራልድ ጋሰን የሚባል አባት አርማ ሠራላቸው። አንድ የፐዝል ቁራጭ፣ ውስጡ ደግሞ የሚያለቅስ ልጅ። አዎ፣ የሚያለቅስ ልጅ! ዛሬ በየፕሮፋይላችን የምንለጥፈው ባለብዙ ቀለም ቁራጭ መነሻው ይሄ ነው። ሐሳቡም ልጆቹ ግራ በሚያጋባ ችግር ተይዘው ከሌላው ሰው ጋር መግጠም አቅቷቸዋል የሚል ነበር።

እነዚያን ወላጆች አልኮንንም። ልጅሽ ኦቲዝም ያመጣበት አንቺ ፍቅር ስለነሳሽው ነው፣ ቀዝቃዛ እናት ስለሆንሽ ነው ይባል የነበረበት ዘመን ነው። ልጆቹም አይማሩም ተብለው ይተዉ ነበር። ያንን ሁሉ ችለው ተነሥተዋል። እናት ነኝና ይገባኛል። ግን አርማው ላይ የተሣለው የወላጆቹ ኀዘን ነው። ልጁን ማንም አልጠየቀውም። እኛ ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ እሱኑ ላስቲክ አድርገን ልጅ ደረት ላይ እናትማለን።

በቋንቋችንም ቢሆን እስቲ አስቡት። ቁራጩን «እንቆቅልሽ» ብለን ተርጉመነዋል። እንቆቅልሽ ጠያቂና ፈቺ ያለው ጨዋታ ነው፤ ከተፈታ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ልጄ የማንም እንቆቅልሽ አይደለም። «የኦቲዝም ተጠቂ» የምትሉትም እንደዚያው ነው። ማን አጠቃው? ኦቲዝም ከውጭ መጥቶ የመታው ነገር አይደለም፤ አእምሮው ሲሠራ እንዲሁ ነው የሚሠራው።

«አንድ ሥዕል ምን ያመጣል?» የሚለኝ አይጠፋም። በ2018 የታተመ ጥናት አለ። ለ400 ሰዎች የፐዝል ሥዕሎች አሳይተው ምን ትዝ እንደሚላቸው አዩ፤ የኦቲዝም አርማዎቹን ብቻ ሳይሆን ተራ ፐዝልም ጭምር። ሰዎቹ ያያያዙት ከጉድለት፣ ካለመሟላት፣ ካልተለመደ ነገር ጋር ነው። «ኦቲዝም» የሚባለው የምርምር መጽሔት ራሱ በዚያው ዓመት ቁራጩን ከሽፋኑ ላይ አነሣው። እነሱ ያነሡትን እኛ ገና እያሳተምን ነው።

ሰማያዊውም ታሪክ አለው። በ2005 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው ኦቲዝም ስፒክስ የሚባል ድርጅት አርማው ሰማያዊ የፐዝል ቁራጭ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2007 መጨረሻ ኤፕሪል 2 የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን እንዲሆን ከወሰነ በኋላም ድርጅቱ በ2010 ሕንፃዎችን በሰማያዊ መብራት የማድመቅ ዘመቻ ጀመረ። ሰማያዊ የወንድ ልጅ ቀለም ነው በሚባልበት ዓለም ኦቲዝምም የወንድ ብቻ እንዲመስል አድርጓል ብለው የሚቃወሙ ብዙ ኦቲስቲክ ሴቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። ሴቶቹ ዓይን አፋር ናት፣ ጭምት ናት እየተባሉ አድገው፣ ስንቶቹ ናቸው ኦቲስቲክ መሆናቸውን ካደጉ በኋላ ያወቁት!

ደግሞ ሌላ ምልክት እኮ አለ። ኦቲስቲክ ሰዎች ራሳቸው የያዙት፣ የተጋደመ 8 የሚመስለው፣ ሒሳብ ላይ «ወሰን የለውም» ለማለት የምንጽፈው። በቀስተ ደመና ቀለም ይሠሩታል፤ የሰው አእምሮ ዓይነቱ ብዙ ነው ለማለት። ጁን 18 ላይ የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ከ2005 ጀምሮ የሚከበር የኦቲስቲክ ኩራት ቀን። በወርቃማ ቀለም ብቻ የሚሠሩትም አሉ። የወርቅ የኬሚስትሪ ምልክት ኤ እና ዩ የሚባሉት ሁለቱ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ኦቲዝም የሚለው ቃልም በላቲን ሲጻፍ የሚጀምረው በእነሱ ነው። ይቺን ሳነብ እንዴት ደስ እንዳለኝ! የሚያለቅስ ልጅ ካየሁ በኋላ ወርቅ።

የፐዝሉን ቁራጭ የሚወዱ ወላጆች አሉ፣ የሚወዱ ኦቲስቲክ ሰዎችም አሉ። ይልበሱት። የኔ ጥያቄ ማን መረጠው ነው። ለልጆቻችን ብላችሁ ልብስ ስታሠሩ ልብሱን ቆዳው እንዴት እንደሚቀበለው ጠይቁ። በስማቸው ዝግጅት ስታደርጉ ድምፅ ማጉያውን ቀንሱ፣ ፊኛውን ተዉት፣ ጫጫታ ሲበዛበት የሚገባበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል አዘጋጁ። ይሄ ከቲሸርቱ ይረክሳል።

ዛሬ ጠዋት የቲሸርቱን ፎቶ ለልጄ አሳየሁት። በአፉ ብዙ አይናገርም፤ ታብሌቱ ላይ ሥዕል እየነካ ነው የሚነግረኝ። ፎቶውን ትንሽ አየው። ታብሌቱን ሳበና «አይ» የሚለውን ነካ። ቀጥሎ «ልብስ»። ቀጥሎ እንደገና «አይ»።

ይሄንኑ ጽፌ ላኩላቸው፦ «ጠይቄዋለሁ፣ አልፈልግም ብሏል። ዝግጅቱ ላይ በራሱ ካናቴራ ይመጣል፣ ገልብጦ እንደለበሰ።»