የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም

በአትላንታ ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አሜሪካ ደቡብ ስናወራ የምናነሣው ሙቀቱን፣ የመንገዱን መጨናነቅና በመጋቢት መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብሰውን የጥድ ብናኝ ነው። ስለ ሰዉ የምንናገረው ጥቂት ነው። እኔ ግን በኑሮ ልማዱ ለሐበሻ ቤት ከደቡብ የበለጠ የሚቀርብ የአሜሪካ ክፍል አላየሁም። ከዚህ ሕዝብ ብዙ ተቀብለናል፤ የመለስነው ግን ትንሽ ነው።

እዚህ የማያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። በደንብ ያደገ ልጅ ታላቁን በስሙ ብቻ አይጠራም። አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ከስሙና ከሥራው ቀጥሎ የሚጠየቀው “የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነዎት?” ተብሎ ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ ወደ ምሳ ግብዣ ያመራል። እሑድም ገና እሑድነቱን አልጣለም። ቺክ ፊሌ የተባለው የዶሮ ምግብ ቤት ድርጅት መሥራች በ1946 በአትላንታ አጠገብ በምትገኘው ሃፔቪል የመጀመሪያ ምግብ ቤታቸውን ሲከፍቱ እሑድን የዕረፍት ቀን አደረጉ፤ ድርጅቱ ዛሬ በአገሩ ሁሉ ተስፋፍቶም በዚያው ቀን ይዘጋል። ከቅዳሴ የሚወጡ ልጆቻችን በመኪናው ወንበር ላይ ሆነው የሚያለቅሱለት ዶሮ ደግሞ ያ የተዘጋው ቤት ዶሮ ነው። እናቶች በየሳምንቱ ያንኑ መልስ ይደግማሉ።

ወጥ ቤታቸውም ሩቅ አይደለም። ጎመን በደቡብ የክብር ምግብ ነው። ባሚያም፣ ያቺ ጥቁር ነጥብ ያለባት አደንጓሬ መሳይ ነጭ እህልም ከአፍሪካ ምድር የተገኙ ናቸው፤ በባርነት ተግዘው የመጡ ሰዎች ኮትኩተው በደቡብ ማዕድ ላይ አጸኗቸው። በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ቀን ደቡባዊው ቤት ያቺን እህል፣ ጎመንና የበቆሎ ዳቦ ያቀርባል፤ እህሉ ሳንቲም፣ ጎመኑ የወረቀት ብር፣ ዳቦው ወርቅ ነው ይላሉ። ቀኑ ታዲያ በጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላል! እህል፣ ጎመን፣ ዳቦ፤ ከዚህ የተሻለ የጾም ማዕድ ማን ያዘጋጅልናል? ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጎመኑ የሚቀቀለው ባጨሱት የአሳማ ሥጋ ነው፣ ዳቦውም ቅቤና እንቁላል አያጣም። አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ አንድ ቃል አልተቀየሙም። በዓመቱ ድስቱን ይዘው መጡና “ዘይት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ብቻ ነው፤ እግዚአብሔርም ያውቃል” አሉኝ። ሌላ ሰው ለሚጾመው ጾም ሲባል የሰባ ዓመት የእጅ ሙያን መለወጥ ለእኔ ትልቅ የፍቅር ሥራ ነው።

ይህ ሕዝብ በደንብ የሚታወቀው ግን በለቅሶ ነው። በብዙ የደቡብ መንገዶች ላይ የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ከፊት የሚመጣው መኪና ወደ ዳር ወጥቶ ይቆማል። ሟቹን የሚያውቅ የለም፤ ቢሆንም ይቆማል። ኀዘንተኛ ቤት ምግብ አይሠራም። ጎረቤትና የቤተ ክርስቲያን ሴቶች በአይብ የተጋገረ ማካሮኒ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የድንች ሰላጣና የኮክ ኬክ ተሸክመው ይመጣሉ። በብዙ ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ቀብሩ ከዕረፍቱ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከሩቅ ክፍለ ግዛት የሚመጣው ዘመድ እንዲደርስ ነው። በማግሥቱ መቅበር ለለመድነው ለእኛ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። ከቀብር በኋላም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማዕድ ይዘረጋል፤ ስለ ሟቹ እየተሳቀም እየተለቀሰም ይበላል።

በእነዚያ የመጋገሪያ ሳህኖች ሥር ነጭ ተለጣፊ ወረቀት አለ። የባለቤቲቱ ስም በስክሪብቶ ተጽፎበታል። ይህን መጀመሪያ ያየሁት በአንድ የአገራችን ሰው ቤት፣ በእናቱ ለቅሶ ላይ ነው። ወጥ ቤቱ በማናውቃቸው ሴቶች ስም ተሞልቶ ነበር። በአገር ቤት የእድር ሳህንና ድስት ላይ በቀለም የሚጻፈው ምልክት ትዝ ያላለው ሐበሻ በዚያ ክፍል አልነበረም። ዓላማውም አንድ ነው፤ ዕቃው ለሚቀጥለው ኀዘን ይፈለጋል።

ልጠይቅ የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሳህኖች ታጥበው ተመልሰዋል። ባዶ ግን ነበሩ። እኛን ያሳደጉን እናቶች የጎረቤትን ሳህን ባዶውን አይመልሱም ነበር፤ ትንሽ ቆሎም ቢሆን፣ ሁለት እንጀራም ቢሆን ጣል ያደርጉበት ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ የእነርሱ ኀዘን ሲደርስ አለመታየታችን ነው። የመኪናውን ብዛት ከመስኮት አይተን “ምን ሆነው ይሆን?” ብለን መጋረጃ እንዘጋለን።

ምክንያቶቻችንን አውቃቸዋለሁ፤ አላቃልላቸውምም። እንግሊዝኛው በለቅሶ ቤት ይበልጥ ይከብዳል። ሥራው ሁለት ፈረቃ ነው። “የእነርሱ ሃይማኖት ሌላ ነው” የሚሉ አባቶችም አሉ። ለቅሶ መድረስ ግን እምነት መቀየር አይደለም። በአዲስ አበባም በወሎም ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ የሌላውን ሲቀብር ኖሯል፤ ያንን ይዘን የመጣን ሰዎች አጥር የተጋራነውን ባፕቲስት ለማጽናናት ልንቸገር አይገባም። ማርቲን ሉተር ኪንግ እሑድ ከረፋዱ በአገሩ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት አሜሪካ በዘር እጅግ ከምትለያይባቸው ሰዓቶች አንዱ ነው ብለው ነበር። ደቡብ ደግነቱም ቁስሉም በአንድ ቤት ያደጉ ናቸው። እኛ በዚያ ሰዓት በራሳችን ቋንቋ እየቀደስን ነው፤ ይህ መብታችንም በረከታችንም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለው የቀብር ማዕድ ላይ ግን የሚከለክለን ቅዳሴ የለም።

ስለዚህ በክላርክስተንም፣ በስቶን ማውንቴንም፣ በሌሎችም የደቡብ ከተሞች ላሉ እድሮቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፦ የአባል የቅርብ ጎረቤት ኀዘን ሲደርስበት፣ ዜግነቱና እምነቱ ሳይጠየቅ፣ እድሩ ሁለት ሦስት ሰው ከምግብ ጋር ይላክ። ወጪው ትንሽ ነው። ቀብሩ የሚዘገይ በመሆኑ ለመዘጋጀትም ጊዜ አለ፤ በሌሊት ስልክ የሚደዋወል እድር ለዚህ አያንስም።

ምን ይወሰድ ለሚሉ፦ ድፎ ዳቦ። በርበሬ የለበትም፣ ሕፃንም አዛውንትም ይበላዋል፣ ሳይበላሽ ይቆያል። አልጫ ክክም ይወዱታል፤ ጎመናችንን ደግሞ ከራሳቸው ጋር እያነጻጸሩ ሲቀምሱ ማየት ደስ ይላል። የሚነገረው ቃል ረጅም መሆን የለበትም፤ ስምን ተናግሮ “አዝነናል” ማለት ይበቃል። በሳህኑ ሥርም ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉበት፤ ይመልሱላችኋል።