ድሬ ድረስ ሄጄ ክለብ ሳንድዊች

ዘንድሮ ለሥራ ድሬዳዋ ስሄድ ይሄ አራተኛዬ ነው። ሐረርን ግን እስካሁን አላየሁም። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ናት እኮ! ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. የመዘገበውን ጁገልን የማውቀው በስልኬ ነው። ያሳፍራል።

በረራው አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ለእሱ ብዬ በሌሊት እነሳለሁ፣ ጫማና ቀበቶ ሁለቴ አወልቃለሁ። ከዚያ ስብሰባ። "አምስት ደቂቃ ብቻ" የሚል ሰው እጁን ካወጣ አለቀ፣ መሸ። ሆቴል ስገባ ሜኑው ያው ነው። ክለብ ሳንድዊች፣ ስፓጌቲ። እንዴ፣ ሁልበት መረቅ (የአብሽ ሾርባ) አገር መጥቼ?

ባለፈው ግን አምልጬ ወጣሁ። መንገድ ዳር ትኩስ ሳምቡሳ፣ በሚጥሚጣ የሚያቃጥል፣ ከሻይ ጋር። የዓመቱ ምርጥ እራቴ! ስመለስ ሒሳብ ክፍል ምን አለኝ? "ደረሰኙስ?" ከሰል ላይ ብረት ድስት ጥደው የሚጠብሱ እናት የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከየት ያምጡልኝ? የሳንድዊቹ፣ ሦስት እጥፍ የሚያስከፍለው፣ ያለ ጥያቄ ይወራረዳል።

ደግሞ ሰፈር ስደርስ "ታድለህ፣ አገሩን አዳረስከው!" ይሉኛል። አዎ፣ አዳራሹን።