ቬርሳይን ተዉትና ጓሮውን እዩ

የፈረንሳይ አትክልት ቦታ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ከፓሪስ አጠገብ ያለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት፣ ቬርሳይ ነው። አይፈረድም። ዛፉ ተከርክሞ አራት ማዕዘን ሆኗል። መንገዱ ቀጥ ብሎ ዓይን እስከሚያይ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ ቦዩ ብቻውን ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። ፎቶ ለሚወድ ሰው ገነት ነው። እኔ ግን ፈረንሳዮች በአትክልት ሥራ ሊመሰገኑ የሚገባቸው በሌላ ነገር ይመስለኛል። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ባለው ሳይሆን ከጀርባ ባለው፣ ሰላጣና ኮክ በሚበቅልበት ጓሮ። የሚጎበኘውና የሚጠበቀው የፊተኛው ነው። የኋለኛው ደግሞ በየጊዜው እየተቆረሰ እያለቀ ነው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

የፊተኛውን ቶሎ ልለፈው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በነሐሴ 1661 የገንዘብ ኃላፊው ኒኮላ ፉኬ ቮ ለ ቪኮምት በሚባለው አዲስ ቤቱ ለወጣቱ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ድግስ ደገሰ። አትክልቱን የነደፈለት አንድሬ ለ ኖትር ነበር። ድግሱ ከመጠን በላይ አማረ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ፉኬ ታሰረ፤ ከእስርም ሳይወጣ ሞተ። ንጉሡ ባለሙያዎቹን ወስዶ ቬርሳይን አሠራቸው። ከአለቃ በላይ መደገስ የትም አገር አያዋጣም።

ቬርሳይ ግን ውሃ አነሰው። በ1680ዎቹ ከሴን ወንዝ ውሃ የሚገፋ፣ 14 ትልልቅ መንኮራኩሮች ያሉት ማሽን ማርሊ ላይ ተተከለ። እሱም አልበቃም። ስለዚህ ንጉሡ ሲንሸራሸር ሠራተኞቹ በፉጨት እየተጠራሩ ከፊቱ ያለውን ፏፏቴ ይከፍቱለታል፤ ሲያልፍ ይዘጉታል። ለአንድ ሰው ዓይን የተሠራ አትክልት ማለት ይሄ ነው።

ዛሬ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጥቷል። በእነዚህ ግቢዎች ውስጥ መሬት ላይ ጥልፍ የሚመስለው ጌጥ የሚሠራው ቡክሰስ ከሚባል ቁጥቋጦ ነው። ከምሥራቅ እስያ የመጣ የእሳት እራት እንቁላሉን ይጥልበታል፤ አባጨጓሬው ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። ፈረንሳይ ውስጥ ተባዩ የታየው ከ2008 ወዲህ ነው። ያ ፉኬ ድግስ የደገሰበት ቤት በ2019 የታመመውን ቡክሰስ ነቀለና በቦታው የአሉሚኒየም ጥብጣብ ዘረጋ። አሉሚኒየም! ጎብኚውም ፎቶውን ማንሳቱን አላቆመም። እንግዲህ ያለ ተክል የሚቆም አትክልት ምኑ ላይ ነው አትክልትነቱ?

ወደ ጓሮው እንሂድ።

ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት ጥቂት ደቂቃ በእግር ሲሄዱ የንጉሡ የጓሮ አትክልት ቦታ ይገኛል። ፖታዤ ዱ ሩዋ ይሉታል። ስፋቱ ዘጠኝ ሄክታር ገደማ ነው። የሠራው ዣን ባቲስት ደ ላ ኬንቲኒ በትምህርቱ የሕግ ሰው ነበር። የተሰጠው ቦታ የሚገማ ረግረግ ነው። ከ1678 እስከ 1683 ረግረጉን አደረቀ፣ ከሳቶሪ ኮረብታ አፈር አስጋዘ፣ ከንጉሡ ፈረሶች ፋንድያ አስመጣ። ከዚያ ግቢውን በግንብ ከፋፈለው። ግንቡ ለጌጥ አይደለም። ነፋስ ይከለክላል፤ ቀን ፀሐይ ሲመታው ውሎ ማታ ሙቀቱን ለዛፉ ይመልሳል። ትኩስ ፋንድያው ደግሞ ከሥር ያሞቃል። በዚህ ዘዴ በታኅሣሥ አስፓራገስ፣ በጥር ሰላጣ፣ በመጋቢት መጨረሻ እንጆሪ ለንጉሡ ማዕድ ይቀርብ ነበር። ውጭ ምድሩ በብርድ ደርቆ ማለት ነው። ንጉሡ በለስ ይወድ ስለነበር የበለስ ዛፎች በሳጥን ይተከሉና ብርድ ሲመጣ ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር።

እርግጥ ይሄም ቅንጦት ነው። በጥር ሰላጣ ካልበላሁ ማለት የንጉሥ አመል ነው። ሙያው ግን ቤተ መንግሥት ውስጥ አልቀረም። ይበልጥ የረቀቀው ወደ ሕዝቡ ከወረደ በኋላ ነው፤ እኔም ከሁሉ የምወደው ይሄን ክፍል ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ዙሪያ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ከተማው ውስጥ፣ ከሺህ በላይ አትክልተኞች ነበሩ። አብዛኛው የያዘው መሬት አንድ ሄክታር አይሞላም። ሥራው ሌሊት ይጀምራል። ጋሪ ሙሉ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ይዘው ሌ አል ወደሚባለው ትልቁ ገበያ ይገባሉ። ሲመለሱ ጋሪው ባዶውን አይመጣም፤ ከከተማው ጋጦች ፋንድያ ይጭናል። ያኔ ፓሪስ የምትንቀሳቀሰው በፈረስ ነው፣ ፋንድያ ሞልቷል። ፋንድያው ይከመርና በእግር ይረገጣል። ላዩ ላይ በስብሶ ያለቀ ያምናው ፍግ ይነሰነስና መደብ ይሆናል። ከሥር እየተብላላ ሲሄድ ይሞቃል። በላዩ ክሎሽ የሚሉት የደወል ቅርጽ ያለው መስታወት ይደፋል። አንዱ ክሎሽ ጥቂት የሰላጣ ችግኝ ይሸፍናል። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ አትክልተኛው እየዞረ እያንዳንዱን ክሎሽ በአንድ በኩል ከፍ ያደርግና ጥርስ በወጣለት እንጨት ይደግፈዋል፤ አለበለዚያ ችግኙ ይቀቀላል። ማታ ዞሮ ይከድናል። ብርዱ ከጠና ደግሞ የገለባ ምንጣፍ ያለብሰዋል። ክሎሹ አንድ ሁለት ቢሆን ቀላል ነበር። በመቶ የሚቆጠር ነው።

ካሮትና ራዲሽ የሚባለው ቶሎ የሚደርስ ትንሽ ሥራ ሥር አንድ መደብ ላይ አብረው ይዘራሉ። ራዲሹ ቶሎ ደርሶ ሲነቀል ካሮቱ ይተነፍሳል። መሬት ጦም አያድርም። እንዲህ እያሉ ከአንዲት ቁራሽ መሬት በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ያመርቱ ነበር። ዛሬ ጥቂት መሬት ላይ በእጅ ብዙ ማምረትን እንደ አዲስ ግኝት የሚያወሩ ሰዎች ስሰማ እነዚህን ሰዎች አስባለሁ።

ምን ገደለው? መኪና። ፈረሱ ሲጠፋ ፋንድያው አብሮ ጠፋ። ከተማው ሰፋ፣ የመሬት ዋጋ ሰማይ ነካ፣ ባቡሩም ፀሐይ ከሞላበት ከደቡብ ርካሽ አትክልት ማመላለስ ጀመረ። ከፓሪስ በስተ ምሥራቅ ያለችው ሞንትሩይም የደረሰባት ይኸው ነው። እዚያ ኮክ በኖራማ ግንብ ላይ ይበቅል ነበር። ቅርንጫፉ እንደ እጅ ጣት ተዘርግቶ፣ በጨርቅ ቁራጭ ተይዞ፣ በሚስማር ግንቡ ላይ ይመታል። ግንቡ ስላሞቀው ከደቡብ አገር የመጣ የሚያስመስል ኮክ ከፓሪስ አፍንጫ ሥር ይለቀም ነበር። ከነዚያ ግንቦች አሁን የቀረው ጥቂት ነው፤ እሱንም በአብዛኛው ያቆዩት የሰፈር ማኅበራት ናቸው።

ይሄ ብርድን የማታለል ሙያ እኛንም የሚነካ ታሪክ አለው። በ1714 የአምስተርዳም ከተማ ሹም ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ችግኝ በስጦታ ላከ። ችግኙ ፓሪስ በሚገኘው የንጉሡ የመድኃኒት ዕፅዋት ቦታ፣ ዛሬ ዣርደን ዴ ፕላንት በሚባለው፣ በሚሞቅ የመስታወት ቤት ተቀመጠ። ዘሩ ከኛ ከደቡብ ምዕራብ ደኖች ተነስቶ በየመን፣ በጃቫና በአምስተርዳም ዞሮ የመጣ ነው። በ1720ዎቹ ገብርኤል ደ ክሊዩ የሚባል መኮንን ከዚያ የተባዛ ችግኝ ይዞ ወደ ማርቲኒክ ተሻገረ። በመንገድ ውሃ ሲያንስ የራሱን ድርሻ ለችግኙ እንዳካፈለው ራሱ ጽፏል። ከማርቲኒክ ወደ ሌሎች የካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ላቲን አሜሪካ የተስፋፋውን ቡና ዓለም ያውቀዋል። የቬርሳይ ፏፏቴ እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ ያውቃል? አያውቅም። የመስታወት ቤት ውስጥ እሳት ሲያነድ ያደረው፣ ስሙ ያልተጻፈው አትክልተኛ ግን ሠርቷል።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። አባ ዡል ለሚር የሰሜን ፈረንሳይ ቄስ ነበሩ፣ የፓርላማ አባልም ነበሩ። በ1896 ለፋብሪካ ሠራተኛ ቁራሽ መሬት የሚያሰጥ ማኅበር አቋቋሙ። የሠራተኛ አትክልት ቦታ የሚባለው በዚያ ሥር ሰደደ። አንዱ ዓላማ ሠራተኛውን ከመጠጥ ቤት ማራቅ ነበር፤ ይሄ ትንሽ የጌታ ምክር ይሸታል፣ አልክድም። ድንቹ ግን ድንች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ምግብ በራሽን ሲሆን እነዚህ ቦታዎች ብዙ ቤተሰብ አኑረዋል። ከጦርነቱ በኋላ ስማቸው የቤተሰብ አትክልት ቦታ ተባለ፤ ብዙዎቹም ለኮንዶሚኒየምና ለመንገድ ሄዱ። በ2020 ኮሮና መጥቶ ሁሉም በሩን ሲዘጋ፣ መንግሥት የምግብ አትክልት ዘርና ችግኝ መሸጥ አስፈላጊ ነገር ነው ብሎ ፈቀደ። ችግር ሲመጣ ጓሮው ይታወሳል።

ሕጉም ቢሆን ከጓሮው ጎን የቆመበት ጊዜ አለ። ሴናተር ዦኤል ላቤ ያቀረቡት ሕግ በ2014 ጸደቀ። ከ2017 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶች በመናፈሻና በመንገድ ዳር ኬሚካል ፀረ ተባይና ፀረ አረም እንዳይረጩ ታገደ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ማንም ሰው በቤቱ ግቢ መርጨት ቀርቶ መግዛትም አይችልም። በ2022 እገዳው መቃብር ቦታዎችንም ያዘ። እዚያ ጋ ትንሽ ጭቅጭቅ ተነሳ። ፈረንሳዮች መቃብር መካከል ያለው ጠጠር ንጹህ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ሣር ሲበቅልበት ሙታን የተረሱ የሚመስላቸው አሉ። እኔ ግን ለሙት ሣር ከመርዝ ይሻላል ባይ ነኝ። የሕጉ ድክመት ሌላ ነው። የአገሪቱ ፀረ ተባይ በብዛት የሚረጨው ትልልቅ እርሻ ላይ ሲሆን እሱን ሕጉ አልነካውም። ሦስት የቲማቲም ግንድ ያላቸው ሴትዮ ተከልክለው መቶ ሄክታር ያለው ገበሬ መቀጠሉ ፍትሕ አይመስልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ኦበርቪልዬ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። ይህች ከፓሪስ በስተ ሰሜን ያለች የሠራተኞች ከተማ ናት። ከ1935 ጀምሮ ነዋሪዎች የሚያለሙት የሠራተኛ አትክልት ቦታ ነበራት። ለ2024ቱ ኦሎምፒክ መለማመጃ ይሆናል የተባለ መዋኛ ሲታቀድ፣ ከመዋኛው ጋር የፀሐይ መሞቂያ ወለል ይሠራ ተባለና ከቦታው ከፊሉ ተወሰደ። ሰዎች ለወራት ቦታውን ይዘው ተከራከሩ። በመስከረም 2021 ፖሊስ አስወጣቸው፣ ቡልዶዘር ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ጣልቃ ገብቶ የፀሐይ መሞቂያው ቀረ። ዛፎቹና መደቦቹ ግን አስቀድመው ተገልብጠው ነበር።

ባለሥልጣናት እንዲህ ሲሆን ምትክ መሬት ይሰጣል ይላሉ። ምትክ ለማሰጠት ከ1976 ጀምሮ ሕግ አለ፣ ጥሩ ነው። ግን አፈሩን ማን ያዛውረዋል? የሰማንያ ዓመት ፍግና ብስባሽ የገባበት አፈር በካርታ ላይ ካሬ ሜትር ተቆጥሮ አይተካም። ላ ኬንቲኒ ረግረጉን ጥቁር አፈር ለማድረግ የንጉሥ ገንዘብና አምስት ዓመት ፈጅቶበታል። ቬርሳይ ውስጥ አንድ የዛፍ ረድፍ ለመዋኛ ይነቀል ቢባል ፈረንሳይ በአንድ እግሯ ትቆማለች። የሠራተኛው የድንች መደብም ቅርስ ተብሎ ይመዝገብ፤ መሬቱን የሚፈልግ ባለሥልጣን መጀመሪያ ከቬርሳይ ለመቁረስ የሚጠየቀውን ያህል ፈቃድ ይጠየቅ።